የዋስትናው የመጨረሻ ሳምንት

ኢንስፔክተር ናምጉንግ ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ሲደርስ ሬሳው ገና ከመኪናውና ከግድግዳው መሀል አልወጣም ነበር። ሟቹ የጥበቃ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ጀርባቸው ግድግዳው ላይ፣ ደረታቸው የጥቁሩ መኪና አፍንጫ ላይ ተጣብቋል፤ ጉልበታቸው ከመኪናው ሥር ታጥፏል። ኮፍያቸው ከራሳቸው አልወረደም። ዙሪያውን የቆሙት ነዋሪዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ያወራሉ፤ ግማሾቹ ስለ ሟቹ፣ ግማሾቹ መኪናቸውን አውጥተው ሥራ ለመሄድ መቼ እንደሚፈቀድላቸው።

«ጋሼ ፒ ናቸው» አለችው ረዳቱ ሳጅን ሄሚ። «ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። ያገኛቸው ተረኛውን ሊቀይር የመጣ ሌላ ጥበቃ ነው።»

ነገሩ ለማንም የኢንቾን ሰው ግልጽ ነበር። በእንዲህ ያለ አሮጌ አፓርታማ መኪናው ከማቆሚያው ይበዛል። አምሽቶ የገባ ሰው መኪናውን ከሌሎቹ ፊት አግድም ያቆምና ማርሹን ፎሌ፣ ማለትም ነጻ፣ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ይወጣል፤ ጠዋት መንገድ የተዘጋበት ገፋ አድርጎት ያልፋል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ወለሉ ያዘቀዘቀ እንደሆነ ግን የተገፋው መኪና አልቆም የሚልበት ቀን አለ፤ ሊያቆመው ፊቱ የሚገባ የዋህ ደግሞ አይጠፋም። ናምጉንግ እንዲህ ያለ ሞት ከዚህ በፊትም አይቷል። ይህ ምድር ቤት ወደ ታችኛው ግድግዳ ያዘቀዝቃል። ሄሚ በጓንት በሩን ከፍታ አየች፤ ማርሹ ፎሌ ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬኑም ተለቋል።

የመኪናው ባለቤት በነጠላ ጫማ ወረደ። ታክ ሴዩን ይባላል፤ ማታ ማታ ተማሪ የሚያስጠና የሒሳብ መምህር ነው። ጸጉሩ ተበጥሯል። ለሬሳው እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ከዚያ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየና የፊት መከላከያው ጋ ሲደርስ ፊቱን አኮማተረ።

«ኢንስፔክተር፣ መኪናዬን እስከ መቼ ነው የምትይዙብኝ?»

ናምጉንግ ምርመራው እስኪያልቅ አለው። መምህሩ ዓርብን ባያልፍ ደስ እንደሚለው ተናገረ። ናምጉንግ ሬሳ አጠገብ የሚባለውን ሲሰማ ያረጀ ሰው ነው፤ የደነገጠ ሰው ስለ ምሳው ይጠይቃል፣ ስለ ጫማው ይጠይቃል። ስለዚህ አልፈረደበትም። መምህሩ ማታ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን እንደማንም ፎሌ አድርጎ ማቆሙን፣ ከእንቅልፉ የነቃውም በአፓርታማው የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያ ጩኸት መሆኑን ተናገረ። ሚስቱም ከኋላው ቆማ ራሷን ነቀነቀች። ስለ መኪናው የፊት ካሜራ ሲጠይቁት ሌሊት ሌሊት ገመዱን እንደሚነቅለው አስረዳ፤ ያረጀው ባትሪ እንዳይደክም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የወደቀው ሬሳውን ባገኘው ጥበቃ ላይ ነው። ቦንግ ይባላል። ነዋሪዎቹ እየተቀባበሉ፣ ባለፈው ሳምንት ከጋሼ ፒ ጋር ተጣልቶ «በሩ ላይ ደርቀህ ትገኛለህ» ማለቱን ለፖሊስ ለመንገር ተሽቀዳደሙ። ናምጉንግ ራምዮን፣ የፓስታ ሾርባ፣ በምትሸት የጥበቃ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ብያለሁ» አለ ቦንግ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ፒ እምቢ ማለት አያውቅም ነበር። ነዋሪው ውሻዬን አዙር ሲለው ያዞራል፣ መኪናዬን ግፋ ሲለው ይገፋል። እሱ ባዞረ ቁጥር ነገ እኔ እጠየቃለሁ። ወገቤ አልቋል ኢንስፔክተር። የተጣላነው በዚህ ነው።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

ቦንግ ተረኛውን ከመቀየሩ በፊት ቆሻሻ ሲለይ ነበር። ጠርሙስ ከፕላስቲክ ቀላቅለው የጣሉ የቤት እመቤቶች ሲሰድቡት አርፍደዋል፤ እነሱም ተጠርተው፣ ስድባቸውን እየደገሙ ጭምር፣ ከዓይናቸው እንዳልጠፋ መሰከሩ። ቦንግ ነጻ ወጣ። የተረፈው ተራ አደጋ ነበር፤ የናምጉንግ አለቃም የፈለገው ይህንኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን ሐኪሙ ደወለ።

«እግራቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም» አለ። «የሚንከባለል መኪና ሊያቆም ፊቱ የቆመ ሰው የሚመታው ጉልበቱን ነው፣ ቢበዛ ታፋውን። የእኚህ ሰው ግን ደረታቸው ነው የተጨፈለቀው። መኪናው ሲመታቸው ቁጢጥ ብለው ነበር።»

«ተመትተው ተንሸራተው ይሆናላ።»

«አይደለም አልኩህ። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወዲያው አልሞቱም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆዩ አይቀሩም። አንድ ሰው መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላ ቢመልስላቸው ይተርፉ ነበር ብዬ አልምልም፤ ዕድል ግን ነበራቸው።»

ናምጉንግ ስልኩን አስቀመጠ። የሚንከባለል መኪና ፊት ቁጢጥ የሚል ሰው የለም። ቁጢጥ ሲሉ መኪናው ቆሞ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ አንዲት ሴት በገዛ እግሯ ጣቢያ መጣች። ሶል ኦክሂ ትባላለች፤ ያንኑ አፓርታማ ትኖራለች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ትሠራለች። ትንሽ ቦርሳ ይዛለች። ሄሚ ምን እንደሆነ ስትጠይቃት የጥርስ ብሩሽና ቅያሪ የውስጥ ልብስ መሆኑን ነገረቻት፤ እስር ቤት ይሰጡ እንደሆነ አላወቀችም።

«ጋሼ ፒን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «እሰሩኝ።»

ቃሏን ስትሰጥ አላለቀሰችም። ያን ጠዋት የመምህር ታክ መኪና የእሷን ዘግቶባት ነበር። ትንሽ ገፋችው፤ ቀለል ብሎ ሄደላት። ወደ ቁልቁለቱ እንዳይሄድ ከምሰሶው ሥር ቢጫ የጎማ ታኮ አምጥታ ከፊት ጎማው ፊት ሸጎጠችበት። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቀች፤ የእሷ መኪና ካልሞቀ አይንቀሳቀስም፣ የኋላ መስታወቱም ጉም እንደለበሰ ነው የሚውለው፣ ማሞቂያው ከተበላሸ ቆይቷል። ማንንም አላየችም። ወደ መውጫው ስትታጠፍ ግን ጋሼ ፒ ሲጮኹ ሰማች።

«የሚቆጡኝ ነው የመሰለኝ» አለች። «መኪናውን ወደ ቦታው ስላልመለስኩ። ረፍዶብኝ ነበር፤ ሩዙን የምጥደው እኔ ነኝ። አልቆምኩም። ታኮው በደንብ አልገባ ይሆናል። እሳቸው ሊያቆሙት ገብተው… እኔ አልቆምኩም።»

የናምጉንግ አለቃ እጁን አሻሸ። ገፍታ ገደለች፤ ያመነችም ራሷ ናት፤ ፋይሉ ዓርብ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ። ወሬው ግን ከፋይሉ ቀድሞ ሄደ። በነዋሪዎቹ የስልክ መወያያ ላይ ስሟ ከነቤቷ ቁጥር ወጣ፤ በሯ ላይ የዓሣ አንጀት ተደፋ። ከትምህርት ቤቱም ለጊዜው እንዳትመጣ ተነገራት፤ ወላጆች ልጆቻችን ከገዳይ እጅ አይበሉም ብለዋል። አስሮ ያሳደራት የለም፤ ቤቷ ገብታ እንድትጠብቅ ብቻ ተነግሯት በመጣችበት እግሯ ተመለሰች። ዐቃቤ ሕጉ እስራት እንደሚጠይቅ ናምጉንግ ያውቃል፤ እንደ እሷ ያለው ሰው ጠበቃ አይዝም፣ የተባለውን ሁሉ «አዎ» ይላል።

«ሴትዮዋ ትዋሻለች?» አላት ሄሚን።

«ራሷን ለማሳሰር የምትዋሽ ሴት አላየሁም፣ አለቃ።»

«እሺ፣ ታኮው የት ነው?»

ሄሚ የቦታውን ፎቶዎች አወጣች። ታኮው ከጎማው ሥር የለም፤ ከሬሳውም አጠገብ የለም። ያለው ምሰሶው ሥር ነው፤ ከሌሎቹ ቢጫ ታኮዎች ጋር በሰልፍ፣ ፊቱን እንደ እነሱ አዙሮ። ከበላዩ «የተጠቀመ ወደ ቦታው ይመልስ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«ምናልባት ጋሼ ፒ ራሳቸው አንስተውት ይሆናል፤ ቁጢጥ ብለው» አለች።

«አንስተው፣ ተጨፍልቀው፣ ከዚያ ተነስተው ሄደው ምሰሶው ሥር አስቀመጡት?»

ሄሚ ፎቶውን መልሳ አየችው። ከሽማግሌው በኋላ አንድ ሰው እዚያ ነበር። ሰውየው ሲሞቱ አይቶ፣ ወይም እየሞቱ ሳሉ፣ ታኮውን በሥርዓቱ ወደ ቦታው የመለሰ ሰው። እዚህ አፓርታማ ታኮ ያልመለሰ ሰው በድምፅ ማጉያ ስሙ ይጠራል፤ እጁ ሳያስበው የመለሰው ሊሆን ይችላል።

ቤት ለቤት ዞሩ። የሊፍቱ ካሜራ ያን ሰዓት የሚያጠራጥር ሰው አላሳየም፤ ደረጃው ካሜራ የለውም። ሁሉም ተኝቶ ነበር፣ ሁሉም ቁርስ ላይ ነበር፣ ሁሉም ሚስቱን ወይም ባሏን ምስክር ይጠራል። አንድ ወጣት ነርስ ብቻ ያን ሰዓት ከተረኛነት ስትመለስ በላይኛው በር መግባቷን አመነች፤ ለግማሽ ቀን ያህል ጥርጣሬያቸውን ሁሉ ጣሉባት። ኋላ ያመጣት ታክሲ ካሜራ ነጻ አወጣት።

መምህር ታክ ቤት ሲገቡ የገብስ ሻይ ቀረበላቸው። ሰውየው የሚወደው ነገር ሲነሳለት የሚፈታ ዓይነት ነው፤ ናምጉንግ የራሱ አሮጌ መኪና እያስቸገረው መሆኑን ሲነግረው ፊቱ በራ። የሞተር ዘይት ከጊዜው ቀድሞ መለወጥ እንዳለበት፣ በረዶ በጣለ ቁጥር የመኪና ሆድ ከጨው መታጠብ እንዳለበት፣ ጎማ መቼ ቦታ እንደሚቀያየር እንደ ትምህርት አስረዳው። በረንዳው ላይ የተቀየሩ የመኪና አየር ማጣሪያዎች በዕድሜያቸው ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ሚስቱ ሻይ እየቀዳች ባሏ ያን ጠዋት ከአልጋ እንዳልወረደ ሳትጠየቅ ደገመችው።

«የኔ መኪና የጥገና ዋስትና ካለቀ ቆየ» አለ ናምጉንግ። «አሁን ደሞዜን የሚበላው መኪናዬ ነው።»

«ዋስትና ያለው አሮጌ መኪና የታመመ ባለጸጋ ማለት ነው» አለ መምህሩ። «ዋስትናው ያለቀበት ደግሞ የታመመ ድሃ። ድሃ ሲታመም ምን ይሆናል? ይሞታላ።»

«የእርስዎስ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ዓርብ። የተራዘመው ነው። ከዚያ ወዲያ የለም።»

ናምጉንግ መኪናው የሚያስቸግረው ነገር ካለ ጠየቀው። ያረጀ መኪና ምን የማይለው አለ ብሎ ሳቀና አለፈው። ሲወጡ ግን እስከ በር ሸኝቷቸው መኪናው መቼ እንደሚለቀቅ አሁንም ጠየቀ። በማግስቱም ደወለ። ጥፋቱ የሴትዮዋ መሆኑ ከታወቀ መኪናው ምን አጠፋ ብሎ ሄሚን ተቆጣት።

ረቡዕ ናምጉንግ እንደገና አፓርታማው ሄደ። ሶል ኦክሂን ያገኛት የጥበቃ ክፍሉን ወለል ተንበርክካ ስትፈገፍግ ነው። ቦንግ በር ላይ ቆሞ ያያታል፤ በየቀኑ እንደምትመጣ፣ አትምጪ ቢላት እንደማትሰማ ለናምጉንግ በጆሮው ነገረው። ፊቷ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠቁሯል። እንቅልፍ ትተኛ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ዓይኗን ስትከድን ጩኸቱን እንደምትሰማው ነገረችው፤ ዓይኗን ስትገልጥ ደግሞ በሯ ላይ የተጻፈውን ታያለች።

«መምህር ታክም መጥተው ነበር» አለች። «የፊት መከላከያቸው ተሰንጥቋል። በእኔ ምክንያት ስለሆነ እንዳሠራላቸው ጠየቁኝ። አልተቆጡም፤ በትሕትና ነው የነገሩኝ። ይገባቸዋል።»

ናምጉንግ ተናደደ። ሽማግሌ የሞተበትን መኪና ለማሳመር ከዚህች ሴት ደጅ የሚቆም ሰው ምን ዓይነት ሆድ ይኖረዋል?

«ዋስትና አላቸው እኮ» አላት።

«ዋስትናው መከላከያውን አይሸፍንም አሉኝ። ካምቢዮውን ግን ይሸፍናል፤ በአዲስ እንዲቀየርላቸው ተፈቅዶላቸዋል። ደስ ብሏቸው ነበር።»

«መቼ ተፈቀደልኝ አሉ?»

«ትናንት።»

ናምጉንግ ቦንግን አየው፤ ቦንግ ምንም አልገባውም። መኪናው ሽማግሌው ከሞቱበት ጠዋት ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ተቆልፎበታል። አንድም መካኒክ አልነካውም። ታዲያ ጋራዡ ምን አይቶ ፈቀደ?

የጋራዡ አለቃ ዬ ይባላል፤ ወሬ ከሥራ የማያስፈታው ሰው ነው። መምህሩን በደንብ ያውቀዋል። መኪናው ፓርክ ላይ፣ ማለትም ጎማው በሚቆለፍበት ማርሽ ላይ፣ ገብቶም ቁልቁለት ሲያገኝ አንዳንዴ ይንሸራተታል እያለ ደጋግሞ አምጥቶት ነበር፤ እነሱ ጋ ሲመጣ ግን ንቅንቅ አይልም።

«ያላየነውን ብልሽት አንጠግንም» አለ ዬ። «የዋስትናው ሕግ ነው። ሰውየው ደግሞ ነገር አይለቅም፤ ዋስትናው ሊያልቅ ሲል ጭራሽ ባሰበት። መጨረሻ ላይ፣ በስልክህ ቅረጸው አልኩት። ማርሹ ፓርክ ላይ መሆኑና መኪናው መሄዱ በአንድ ምስል ይታይ፤ ድምፁም ይሰማ፣ የተበላው ጥርስ ሲዘል ቀጭ ቀጭ ይላልና። ይኸው ላከ።»

«መቼ ላከው?»

ዬ ስልኩን አየ። የላከው ጋሼ ፒ በሞቱበት ቀን ረፋዱ ላይ ነው።

ፊልሙ አጭር ነበር። የመኪናው ውስጥ ይታያል፤ ማርሹ ፓርክ ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቋል፣ በፊት መስታወቱ ማዶ ግድግዳ አለ። ከዚያ ግድግዳው መቅረብ ይጀምራል። እዚያ ላይ ይቋረጣል። ጋራዡ ውስጥ ብረት ይቀጠቀጥ ስለነበር ናምጉንግ ስልኩን ይዞ ቢሮ ገባና በሩን ዘጋ። እንደገና ከፈተው።

«መምህር፣ ላንሳው?» ይላል የሽማግሌ ድምፅ፣ ከመኪናው ፊት፣ ከታች።

«ያንሱት።»

ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ዬ ተከትሎት ገብቶ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ ወንበር ሳበ። «እኔ ያየሁት ማርሹን ብቻ ነው» አለ።

ናምጉንግ ጋሼ ፒን በሕይወት ሳሉ አያውቃቸውም። ፊልሙን ይዞ ቦንግ ጋ ተመለሰና ማነው ሳይል አሰማው። ቦንግ አንዴ ሰማና ሁለተኛ እንዳይከፍተው በእጁ ከለከለው።

«ፒ ነው» አለ። «እምቢ አይልም አላልኩዎትም?»

መምህር ታክን ያመጡት ሐሙስ ነው። መጀመሪያ ካደ፤ ፊልሙ የቆየ ነው፣ ድምፁም የማን እንደሆነ አይታወቅም አለ። ቦንግ ለይቶታል ሲባል ተገረመ እንጂ አልደነገጠም። ድምፁን ከፊልሙ ሊያጠፋው አስቦ እንደነበር፣ ግን ያለ ድምፅ ጋራዡ እንደማይቀበለው ራሱ ተናገረ።

«የጥበቃ ድምፅ ማን ያውቃል ብዬ ነው» አለ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ለካምቢዮ ብሎ ራሱን አሳልፎ ሰጠ። ግን ያ ብቻ አልነበረም። የጣቢያው ባለሙያ ስልኩን ፈትሾ የጠፋውን ሙሉ ፊልም አወጣው። ናምጉንግና ሄሚ አብረው ለማየት ተቀመጡ፤ ሄሚ ግማሹ ላይ ተነስታ ወጣች።

ከቀጭ ቀጭ በኋላ የሚሰማው ለስለስ ያለ ግጭት ነው። ከዚያ ሽማግሌው ይጮኻሉ። ስልኩ አሁንም ማርሹን እያሳየ ነው፤ የያዘው እጅ አይንቀጠቀጥም።

«መምህር፣ ወደ ኋላ ይበሉት።» ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «ወደ ኋላ…»

ከጎን የትንሽ መኪና ሞተር ጉርምርምታ ይነሳል።

«እትዬ ሶል!» ይላሉ ሽማግሌው። «እትዬ ሶል፣ ይቁሙ! እትዬ ሶል!»

ሞተሩ ዳገቱን ይወጣል፤ ይርቃል፤ ይጠፋል። ሽማግሌው ስሟን አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠሩታል፣ አሁን እንደ መነጋገር ቀስ ብለው።

«ዝም ይበሉ» ይላል የመምህሩ ድምፅ። «አሁን እደውላለሁ።»

አልደወለም። ሌላው እጁ በምስሉ ውስጥ ይገባና ማርሹን ከፓርክ ወደ ፎሌ ይስበዋል። ፊልሙ እዚያ ያበቃል።

ናምጉንግ ፊቱን ታጥቦ ወደ መምህሩ ተመለሰ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ወደ ኋላ እንዳላለው። መምህሩ ጥያቄውን በጥሞና አሰበበት፤ ተማሪ የጠየቀው ይመስል።

«ወደ ኋላ ካልኩትማ አደጋ ያደረስኩት እኔ ነኝ» አለ። «አደጋ ያደረሰ መኪና እስኪጣራ ይታገዳል። ዋስትናውም አብሮ ይታገዳል፤ ዓርብ ያልፋል። ሴትዮዋ ስትገፋው ከደረጃው በር ላይ አይቻታለሁ። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ መኪናው ንጹሕ ነው። ኢንስፔክተር፣ አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ዘይት አሳልፌበት አላውቅም።»

«ሰውየው ግማሽ ሰዓት ኖረዋል።»

«አላውቅም። ወጥቼ ቁርሴን እየበላሁ ነበር።» ከዚያ ቀና አለ። «ደግሞ እሷም ሰምታለች። ስሟን ነው የጠሩት፤ እኔን ጠርተው አይደለም። እሷ ትታቸው ሄዳለች። ለምንድነው እኔ ብቻ የምጠየቀው?»

ሚስቱ ሲነገራት አለቀሰች፤ ባሏ እንደዋሸ ሳታውቅ እንደመሰከረችለት ተናገረች። ናምጉንግ አላመናትም፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ዓርብ ሌሊት የመኪናው ዋስትና አለቀ።

ቅዳሜ ሶል ኦክሂ ተጠርታ መጣች። ናምጉንግ ነጻ መሆኗን ሲነግራት ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ሊያጽናናት የፈጠረው ታሪክ እንደመሰላት ገባው።

«ታኮዬ ይዞ ነበር ማለት ነው?» አለች።

«ይዞ ነበር። መምህሩ ናቸው አስነስተው ያስወጡት።»

«በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ሁሉም ሰው ነሽ ብሎኛል፤ እኔም ነኝ ብያለሁ። አንድ ሰው አይደለሽም ቢለኝ ምን ያደርግልኛል?» ጣቶቿን አጣመረች። «ፊልም አለ ብለዋል። ያሳዩኝ።»

ሄሚ በሩ አጠገብ ቆማለች። ናምጉንግ ፊት ሁለቱም ፊልሞች ነበሩ፤ ከመምህሩ ስልክ የወጣው ረጅሙ፣ ለጋራዡ የተላከው አጭሩ። ሶል ኦክሂ ከምንም በፊት አንድ ነገር ጠየቀችው።

«እኔ የሰማሁት ጩኸት… ማንን ነበር የሚቆጡት?»

«መምህሩን ነበር የሚጠሩት» አለ ናምጉንግ።

አጭሩን ከፈተላት። ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ አየችው። የጋሼ ፒ ድምፅ ላንሳው ሲል ወደ ምስሉ ጎንበስ አለች። ያንሱት የሚለው ሲመጣ ዓይኗን ወደ ናምጉንግ አነሳች። ግድግዳው ቀረበ፤ ተቋረጠ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ያኔ አለቀሰች። ለቅሶዋ ከሆዷ የወጣ ነበር፤ ሄሚ መጥታ ትከሻዋን እስክትይዝ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ለናምጉንግ እስከ ወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፤ ደግማ ነሳች። ዛሬ እንደምትተኛ ነገረችው። ትምህርት ቤቱም ይመልሰኛል አለች፤ ሰኞ ሩዙን እጥዳለሁ።

ስትወጣ ሄሚ በሩን ዘጋች።

«አለቃ፣ ያሳዩዋት ታክ የቆረጠውን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዐቃቤ ሕጉ ሙሉውን ይዟል። ችሎት ላይ ይከፈታል።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። እስከዚያ ትተኛ።»

እስካልመጣች ድረስ አትሰማውም ብሎ ነበር የተማመነው። ፊልሙ ራሱ ስለሚናገር ለምስክርነት አያስፈልጓትም፤ ስሟን ከዝርዝሩ እንዲያወጡለት ዐቃቤ ሕጉን ለምኖ እሺ አሰኝቷል። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ስልኩ ጮኸ። ሶል ኦክሂ ነበረች፤ ድምፅዋ የሌላ ሴት ይመስል ጠርቷል። ትምህርት ቤቱ መልሷታል፤ በሯን ጎረቤቶቿ አጥበውላታል፤ የወጥ ቤት ጓደኞቿም የፍርድ ቤቱን ቀን ሰምተው አብረዋት ሊሄዱ ተነስተዋል። ጋሼ ፒ ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ድምፃቸውን በመጨረሻ የሰማች እሷ ናት። ፊት ለፊት ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ልታዳምጥላቸው ትፈልጋለች።

ናምጉንግ ችሎቱ ለማንም ክፍት መሆኑን ያውቃል። ስልኩን ከጆሮው አራቀና መልሶ አስጠጋው።

«ልምጣ አይደል፣ ኢንስፔክተር?»

«ይምጡ» አላት።